ጋሽ መርዕድና ትንፋሽ የማያውቀው ማሽን

ጋሽ መርዕድ ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በሰባተኛው ቀን ነው። ብስራተ ገብርኤል አስቀድሼ ከቅጥሩ ስወጣ ስልኬ ጮኸ። ድምጿን የማላውቀው ሴት፣ “እትዬ አስካለ ነዎት? የአባዬን ደብተር ሳገላብጥ ስምዎን አገኘሁት። በጊዜው ሳላረዳዎት በመቅረቴ ይቅር ይበሉኝ” አለችኝ። ነፍስ ይማር፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ የሚባለውን ሁሉ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ወደ ቤቴ መሄድ ነበረብኝ፤ እግሬ ግን ሳላዘው ቁልቁል ወደ መካኒሳ ወሰደኝ። ድሮ እንሠራበት በነበረው ግቢ ፎቅ ወጥቶበታል። ፊት ለፊቱ ቆሜ ወደ ላይ አንጋጠጥኩ። ታክሲ የሚጠብቁ ሰዎች እኔ የማየውን ለማየት አብረውኝ አንጋጠጡ። ሰማይ ብቻ ነበር።

እኔ የላስታ ልጅ ነኝ። አዲስ አበባ የገባሁት በመነኩሴ አጎቴ እጅ ነው፤ ታይፕ ተማርኩ፣ ሥራ ያዝኩ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ከአገሬ ርቄ እኖራለሁ። ያን ጊዜ ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ቀርተውት ነበር፤ እኛ ግን አናውቅም። ለተራበ ሰው እህል በሚያደርስ ድርጅት ውስጥ የራዲዮ ክፍል ጸሐፊ ነበርኩ። ሀና ማርያም አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይቼ፣ ጠዋት ጠዋት ጤዛውን በጫማዬ እየጠረግሁ በማሳ መሃል ወደ መካኒሳ እወጣለሁ።

የራዲዮ ክፍላችን ከቪላው ጀርባ ካሉት ሰርቪስ ቤቶች አንዱ ነበር። ከጣሪያው ላይ የተነሳ ቀጭን የአንቴና ሽቦ አጥሩን ተሻግሮ ባሕር ዛፍ ላይ ታስሯል። ነፋስ ሲነካው ያንጎራጉራል። በመስኮቱ በኩል የአባ ቶሎሳ የጤፍ ማሳ ይታያል፤ ጤፉ ሲተኛና ሲነሳ ክፍሉ በሙሉ በውሃ ላይ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። እንዲህ ያልኩ እንደሆነ ጋሽ መርዕድ ይስቃሉ። እሳቸው እውነተኛ ባሕር ላይ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ወጣትነታቸውን ምጽዋ ላይ በባሕር ኃይል ራዲዮ ሠራተኝነት ጨርሰዋል።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ ነጭ። የተከፈተ ራዲዮ ውስጥ እጃቸውን ሲያስገቡ ግራ እጃቸውን ሱሪያቸው ኪስ ውስጥ ይከታሉ። መጀመሪያ ኩራት መስሎኝ ነበር። በኋላ ጠየቅኳቸው፤ ኤሌክትሪክ በአንዱ እጅ ገብቶ በሌላው ሲወጣ መንገዱ በልብ በኩል ነው አሉኝ። “አንዱ እጄ የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ሌላው የልጆቼ።” ይህን ልማድ ከሥራም ውጭ አይተዉትም፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ግራ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ነው የሚቀመጡት።

እኔን “እማሆይ” ነበር የሚሉኝ። ነጠላዬን ስለማልጥል፣ ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ስለማልቀምስ። አንድ ቀን የራዲዮ ድምፅ ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ እዚያ ካለው የማይታይ ጣሪያ ነጥሮ እንደሚወርድ፣ በዚህም ምክንያት ደብረ ዘይት ሳይሰማን ናይሮቢ የሚሰማን ጊዜ እንዳለ አስረዱኝ። እንደ ጸሎት ነዋ፣ ወጥቶ ይመለሳል አልኩ፤ ወዲያውም ድፍረት የተናገርኩ መስሎኝ አማተብኩ። እሳቸውም፣ “ልዩነት አለው እማሆይ። ጸሎት ፊውዝ አያቃጥልም” አሉኝ።

ስለ ሰማይ ሲናገሩ ስለ ጎረቤት የሚናገሩ ነው የሚመስለው። ዛሬ ዝቅ ብሏል፣ ዛሬ አኩርፏል ይላሉ። ዝናብ የዘገየ ዓመት አባ ቶሎሳ ዱላቸውን ይዘው መጡ። ሽቦህ ደመናዬን ለሁለት እየከፈለው ነው፣ አውርደው ነው ነገሩ፤ ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ። ጋሽ መርዕድ አልተከራከሩም። ወንበር ሰጧቸው፣ የጆሮ ማዳመጫውን ከጥምጣማቸው በላይ አጠለቁላቸው፣ አጠገባቸው ተቀመጡ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ያን ሁሉ ፍንጥቅጥቅታ አዳመጡ። ጋሽ መርዕድ በኦሮምኛ፣ ይህ የሚሰሙት መብረቅ ነው፣ ጅማ በኩል ዘንቧል፣ ወደ እኛ እየመጣ ነው አሏቸው። ዝናቡ መጣ። ከዚያ በኋላ አባ ቶሎሳ በየጠዋቱ በመስኮት አንገታቸውን እያስገቡ “ጅማ ምን አለች?” ይሉን ጀመር። ጅማ ያላለችውን ጋሽ መርዕድ አይናገሩም፤ አላውቅም የሚሉበትም ቀን ነበር።

የእኔ ሥራ መጻፍ ነው። በየጠዋቱ ከወሎ ጣቢያዎች ስንት ኩንታል እንደገባ፣ ስንት መኪና እንደተበላሸ፣ ስንት ሰው እንደታመመ በድምፅ ይነገረናል፤ ጋሽ መርዕድ ይሰማሉ፣ ይደግማሉ፣ እኔ እመዘግባለሁ። ከጣቢያዎቹ አንዱ ቆቦ ነው። እናቴ ከላስታ ተራራ ወርዳ ወደ ቆቦ ስትሄድ ያያት ነጋዴ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ እሷ የሰማሁት ነገር የለም። ቆቦ ያለው መጠለያ ውስጥ ትኑር፣ መንገድ ላይ ትቅር፣ አላውቅም። በየቀኑ ከዚያ መጠለያ በር ላይ ከተቀመጠ ሰው ጋር እየተነጋገርን፣ አንድ ጥያቄ መጠየቅ አልችልም ነበር። ግድግዳችን ላይ በቀይ የተጻፈ ወረቀት ነበር፤ በራዲዮ የግል ጉዳይ ማውራት ክልክል፣ ያወራ ጣቢያ ይታሸጋል። ሰሚም ነበረው፤ አየሩ ሁሉ ጆሮ የነበረበት ዘመን ነው።

ጋሽ መርዕድ ቆቦ ሲጠራ እርሳሴ እንደሚቆም አስተውለው ኖሯል። ጠየቁኝ፤ የእናቴን ነገር ከነስሟ ነገርኳቸው።

“ደጀኔን ልጠይቅልሽ?” አሉኝ። ደጀኔ የቆቦው ራዲዮ ሠራተኛ ነው።

“ሕግ ነው ጋሼ። በእኔ እናት ምክንያት ስንት እናት እህል ይቅርባት?”

“ሕጉንስ አውቀዋለሁ” አሉና ወደ ራዲዮው ዞሩ። እኔ ጠንቃቃ ሰው ነኝ። ያን ቀን በጥንቃቄዬ ረክቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ መንገድ ላይ ግን አለቀስኩ።

ሞደሙ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ከውጭ በካርቶን የመጣ፣ የዳዊት መጽሐፍ የሚያህል ግራጫ ሣጥን። በአንድ በኩል ከኮምፒውተር፣ በሌላ በኩል ከራዲዮው ጋር ይገናኛል፤ እኛ የምንጽፈውን ወደ ፉጨት ለውጦ ለራዲዮው ይሰጣል፣ ከሰማይ የመጣውን ፉጨት ደግሞ ወደ ፊደል ይመልሳል። አምሳያ ወንድሙ አስቀድሞ በጭነት መኪና ወደ ቆቦ ተልኳል። በድምፅ ቁጥር እንጂ ስም አይነገርም፤ ዝናብና መብረቅ ባለበት ሞገድ ያን ሁሉ ሰው በስሙ መጥራት የሚሞከር አይደለም። በሞደም ግን የመጠለያው ሰው ስም ዝርዝር በሙሉ ይመጣል ተባለ። መቸኮልም ነበረበት፤ ጦርነቱ እየተጠጋ ስለነበር መጠለያው በዚያው ሳምንት መጨረሻ ይፈርሳል፣ ሰዉም ይበተናል። ከተበተነ ማን ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ አይኖርም።

የተሰጠን የሙከራ ፈቃድ ሦስት ቀን ነው። ከፈቃዱ ጋር ታዛቢ ተላከልን፤ ጓድ በላቸው ይባላል። በር አጠገብ ወንበር ይዞ፣ ጋዜጣውን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ተቀመጠ። በሦስት ቀን ካልሠራ ማሽኑ ታሽጎ ወደ መጣበት ይመለሳል።

ጋሽ መርዕድ የማይክራፎኑን ገመድ ጫፍ ፈቱ፣ ስምንቱን ቀጫጭን እግሮች በመርፌ ጫፍ እየቆጠሩ አሳዩኝ። ይህ ማሽን ሦስት ነገር ነው የሚያስፈልገው አሉኝ፤ የሚናገርበት፣ የሚሰማበት፣ ጣት ስለሌለው ደግሞ የንግግሩን ቁልፍ የሚጫንበት ሽቦ። ሌላው ምድር የሚባለው ሽቦ ነው፣ ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት፤ ሁሉም ነገር ምድር ሊኖረው ይገባል። የሽቦ መበየጃው ካውያ ሲግል የቆርቆሮና የሙጫ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በየደጃቸው ሲያሳርፉ እያየሁ፣ አሁን ይህች ቀይ ሽቦ የእናቴን ስም ታሳልፍ ይሆን እያልኩ አስብ ነበር።

ከዚያ ደጀኔን በድምፅ ጠርተው እሱም የራሱን እንዲያስተካክል መምራት ጀመሩ። ደጀኔ ተፈጥሮው ጩኸት ነው፤ ራዲዮ ባይኖርም ከቆቦ የሚሰማ ይመስላል። ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍቼዋለሁ ጋሼ አላቸው።

“ዝቅ አድርገው። ማሽን ደንቆሮ አይደለም፣ አትጩህበት።”

“ዝቅ ካለ እንዴት ይደርሳል?”

“ቀስ ብሎ የተናገረ ነው ሩቅ የሚደርስ። አሁንም ዝቅ።”

ጓድ በላቸው እንኳ በጋዜጣው ጀርባ ሳቀ። ትንሽ ቆይቶ የመጀመሪያው ፉጨት መጣ። እንዴት ልበላችሁ? ንጋት ላይ ሁለት ወፎች በሁለት ዛፍ ሆነው የሚጠራሩ ነው የሚመስለው፤ አንዱ ጪርር ይላል፣ የእኛው ጪርር ብሎ ይመልሳል። አባ ቶሎሳ በሬዎቻቸውን አቁመው ወደ መስኮታችን ዞሩ። ጓድ በላቸው ግን ተነስቶ ቆመ፤ ይህ ምን ቋንቋ ነው አለ።

“የማሽን ቋንቋ ነው ጓድ። ትርጉሙ ወረቀት ላይ ይወጣል፤ ወረቀቱም የእርስዎ ነው” አሉት ጋሽ መርዕድ።

በአረንጓዴ ፊደል ስሞች መውጣት ጀመሩ። ማሽኑ ግዕዝ ፊደል ስለማያውቅ የሁሉም ስም በላቲን ነው፤ ይመር፣ ዘሀራ፣ ካሣ፣ እንየው። እኔ እያንዳንዱን ስም በከንፈሬ እከተላለሁ። ሃያ ያህል ስም ከመጣ በኋላ ፊደሎቹ ተሳከሩ፤ ከዚያ ወፎቹ ተጠፋፉና ዝም አሉ።

ጋሽ መርዕድ ገመዱን ፈተው አዩት፤ ደህና ነው። ደግመው ራሳቸው ሞከሩት፤ ሠራ። በፈቃዱ ላይ ዝርዝሩን እንድቀበል የተጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ለእኔ ለቀቁልኝ፤ ጥቂት ስም፣ ከዚያ ዝም። ያ ቀን እንዲህ አለቀ፤ ሁለተኛውም እንዲሁ። የምድሩን ሽቦ ቀየሩ፣ አንቴናውን አወረዱ፣ ሰቀሉ። እሳቸው ሲቀመጡበት ይሠራል፤ እኔ ስቀመጥበት ሃያ ስም ሳይሞላ ይጠፋል። እኔማ ኃጢአቴ ነው ብዬ ደመደምኩ። በሁለተኛው ቀን ማታ ሲወጣ ጓድ በላቸው ጋዜጣውን አጥፎ፣ ድምፁን ሳያነሳ ተናገረ።

“አንድ ሰው አሻጥር እየሠራ ነው። ነገ ወይ ዝርዝሩን ወይ የሰውየውን ስም ይዤ ነው የምሄድ።”

አሻጥር የሚባለው ቃል በዚያ ዘመን ምን እንደነበር የኖረበት ያውቀዋል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጋሽ መርዕድ ምንም አልነኩም። ከእኔ ጀርባ ወንበር ስበው ተቀመጡና፣ “እኔ እንደሌለሁ ሆነሽ ሥሪ” አሉኝ። አማተብኩ፣ ተቀመጥኩ፣ ወንበሬን አስጠጋሁ። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው እጄን ዘርግቼ የራዲዮውን ልብስ አለበስኩት።

ልብሱ እኔ የሠራሁት ዳንቴል ነው። ሰው ሁሉ ቤቱ ላለው ራዲዮና ቴሌቪዥን ዳንቴል የሚያለብስበት ጊዜ ነበር፤ እኔም ለመሥሪያ ቤቱ ራዲዮ መስቀል መስቀል ያለበት ዳንቴል ሠርቼ፣ የመካኒሳ አቧራ እንዳያልፍ ከውስጡ ወፍራም ጨርቅ ሰፍቼበታለሁ። ጋሽ መርዕድ ሊሠሩ ሲሉ ያነሱታል፤ እሳቸው ዘወር ሲሉ እኔ እመልሰዋለሁ። ጠንቃቃ ነኝ ብያችኋለሁ።

ጋሽ መርዕድ ተነሱ። መዳፋቸውን ከዳንቴሉ ሥር አስገብተው ራዲዮውን ነኩት፤ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚነካ። ከዚያ ዓይን ለዓይን ተያየን። በዚያች ቅጽበት ሁሉም ገባኝ፤ ራዲዮውን ያፈነው የእኔ ዳንቴል ነው። ዳንቴሉን አነሱት፣ ቀስ ብለው አራት ቦታ አጠፉት፣ ኮታቸው ውስጥ ደረታቸው ላይ ከተቱት።

“ምንድን ነው እሱ?” አለ ጓድ በላቸው ከበሩ።

“ጥፋቱ ተገኘ ጓድ። የእኔ ነው። ማሽኑን አየር ነሥቼው ነበር።”

ጓድ በላቸው እስክሪብቶ አወጣ። ጋሽ መርዕድ እንደ አስተማሪ ያስረዱት ጀመር። “ሰው ሲናገር መሃል ላይ ትንፋሽ ይወስዳል፤ ራዲዮውም አብሮት ያርፋል። ይህ ሞደም ግን ትንፋሽ አያውቅም፤ ራዲዮውን ሳያሳርፍ ያናግረዋል። ራዲዮው አሮጌ ነው፣ ሲግል ከሞገዱ ይንሸራተታል። እኛ ሰዎች ድምፃችን ቢቀጥን ቢወፍር እንግባባለን። ማሽን ለማሽን ግን ይቅርታ የለውም።” ሰውየው የሰማው ግን የመጀመሪያውን ብቻ ነው። የእኔ ነው የሚለውን ጻፈው። እኔ አፌን ከፈትኩ። ጋሽ መርዕድ ቀኝ እጃቸውን ዝቅ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አሳረፉት፤ ድምፅ ዝቅ እንዲል ለደጀኔ የነገሩትን ለእኔ በእጃቸው ነገሩኝ። አፌን ዘጋሁ።

ያን ዝምታ ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸዋለሁ፤ አሁን ደግሞ ለእናንተ። ወር ሳይሞላ የጋሽ መርዕድ የራዲዮ ፈቃድ ተነጠቀ። ከሥራ አልተባረሩም፤ መጋዘን ተመደቡ፤ ጅማ መዝነቡን ከሰማይ ይሰሙ የነበሩ ሰው መንግሥት እስኪለወጥ ድረስ የማዳበሪያ ጆንያ ሲያስጭኑ ዋሉ። መጋዘኑ ድረስ ሄጄ፣ ለምን እንደዚያ አደረጉ፣ እኔ መናገር ነበረብኝ አልኳቸው። “በዚያ ቀን ከክፍሉ መውጣት ያልነበረብሽ አንቺ ነሽ” አሉኝ። ይህን ብለው ስለ አባ ቶሎሳ በሬዎች ጠየቁኝ።

ያን ጠዋት ግን ይህ ሁሉ ገና አልመጣም። ራዲዮው እስኪበርድ መጠበቅ ነበረብን። ጋሽ መርዕድ የሞደሙን ወፍራም የእንግሊዝኛ መመሪያ አንስተው ያራግቡለት ጀመር፤ መመሪያው መጨረሻ ላይ ጠቀመን አሉ። እኔ የነጠላዬን ጫፍ ይዤ ከሌላው በኩል አራገብኩ። ከዚያ ደጀኔን ጠሩ። ወፎቹ ተጠራሩ። አንዱ ጪርር፣ አንዱ ጪርር። ሃያ ስም አለፈ። መቶ አለፈ። ጤፉ በመስኮቱ ተኝቶ ይነሳል፣ ማተሚያው ያጉረመርማል፣ ወረቀቱ ከጠረጴዛ ወደ ወለል ይወርዳል፤ ፀሐይ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ዞረች፣ ማንም አልተነሳም። ወፎቹ ሲያበቁ እጄ ላይ ጥቅልል ነበር።

ጓድ በላቸው ወረቀቱን ሊወስድ እጁን ዘረጋ። ጋሽ መርዕድ ግን መመሳከር አለበት አሉ፤ እሷ ከወረቀቱ ታነባለች፣ እኔ ከስክሪኑ አያለሁ፣ እርስዎ ይቆጥራሉ። መቁጠር የሚለው ደስ አሰኘው መሰለኝ፣ ተቀመጠ፤ በየስሙ ደብተሩ ላይ ጭረት ያደርግ ጀመር።

አነበብኩ። የማላውቃቸውን ሰዎች ስም በጥንቃቄ፣ አንዱንም ሳልረግጥ አነበብኩ። ሙሐመድ ይማም። ዘሀራ ሁሴን። አባተ ካሤ። ወረቀቱ ከጉልበቴ ወርዶ ጫማዬን ሸፈነ። ድምፄ ሻከረ። ከዚያ ዓይኔ አንድ መስመር ቀድሞኝ አየው፤ አፌ ደርሶ እስኪያነበው ድረስ ያለችው ጊዜ ረጅም ነበረች።

“ጥሩነሽ ተገኘ። ከላስታ።”

ድምፄ አልተለወጠም። ጓድ በላቸው ጭረቱን አደረገ። ጋሽ መርዕድ ከስክሪኑ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ “አልያዝኩትም፤ ያን መስመር ድገሚልኝ” አሉ።

“ጥሩነሽ ተገኘ።”

“ምነው፣ ስህተት አለ?” አለ ጓድ በላቸው።

“ዓይኔ ነው ጓድ፣ ደከመ። አንድ ጊዜ ደግሞ እማሆይ። ቀስ ብለሽ።”

ቀስ ብዬ፣ በዚያ ክልክል በተጻፈበት ግድግዳ ሥር፣ የእናቴን ስም ለሦስተኛ ጊዜ ጠራሁ።

“ተያዘ” አሉ ጋሽ መርዕድ። “ቀጥይ።”